ቀርከሃው ሳያልፍ ጭነት አያልፍም

በመንገዶች ጽሕፈት ቤት መስኮት አራት ላይ የምትቀመጠውን ሴትዮ ሹፌሮች ሁሉ «ሜትሬ» ይሏታል። ከልክ ያለፈ ጭነት በከተማው መንገድ እንዲያልፍ ፈቃድ የምትሰጠው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈርም፣ በእሷ ፊርማ ሄዶ የተሰነቀረ አንድም መኪና የለም። ምስጢሩ ከበሩ ጀርባ የቆመው ቀርከሃ ነው። ሁለት ቀርከሃ ተጋጥሞ የታሰረ ሲሆን፣ በጭነቱ ከፍታ ልክ ታስረዝመውና ይዛው መንገዱን በእግሯ ትሄድበታለች። ቢሮ ያሉት ወጣቶች «የድልድዩ ሁሉ ከፍታ ታፔላው ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ እሷ እንደሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

አንድ ማለዳ ታናሽ ወንድሟ መጥቶ መስኮቱን ተደገፈ። ስምንት ወር ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ አንድ ኩባንያ ሊሞክረው ሎቤድ የሚባለውን የከባድ ዕቃ መጫኛ መኪና ሰጥቶታል። የሆስፒታሉን ትራንስፎርመር ነገ ካላደረሰ ሥራው አበቃለት።

«እታለም፣ ከነጭነቱ አራት ሜትር ከሰባ ነው። የባቡር ድልድዩ ታፔላ አራት ሜትር ከሰማንያ ይላል። ታዲያ ምን ቀረ? ፈርሚልኝ።»

«ልየው መጀመሪያ።»

«የእናትሽ ልጅ ሆኜም?»

«የእናቴን ልጅማ ሁለቴ ነው የማየው» አለችና ቀርከሃዋን ይዛ ወጣች።

ከድልድዩ ሥር ስትደርስ የቀርከሃው ጫፍ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ጎንበስ ብላ መሬቱን ስታይ ነገሩ ገባት። ታፔላው ከተሰቀለ ወዲህ አስፋልቱ ሁለቴ ተደርቧል፤ ሁለተኛው ባለፈው ወር ነው። መንገዱ ሽቅብ ሲያድግ ታፔላው የዱሮ ቁጥሩን ይዞ ቀርቷል። 

«በዚህ አታልፍም» አለችው ስትመለስ።

«በገዛ እህቴ እጅ እንጀራዬን ልጣ?»

«ሥራ ይተካል፤ አንተን ማን ይተካልኛል? ደግሞ አትደርስም ማን አለህ?»

ቀኑን ሙሉ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው በሌላኛው፣ በትምህርት ቤቱ መንገድ ስትመላለስ ዋለች። ድልድይ የለበትም፤ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ሽቦ የመብራት ባለሙያዎችን ጨቅጭቃ ከፍ አስደረገችው፣ ከመንገዱ ሥር ባለው ክብደት በማይችል ቱቦ ላይም ወፍራም ብረት አስነጠፈች። በማግስቱ ተማሪ ሳይገባ ቀርከሃዋን ይዛ ከሎቤዱ ፊት ፊት ሄደች። ትራንስፎርመሩ በሦስት ሰዓት ሆስፒታሉ ግቢ ገባ። ወንድሟ ግን በድልድዩ ነገር እንዳኮረፈ ነበርና አመሰግናለሁ እንኳ ሳይላት ሄደ። ከፋት፤ ለምን ይዋሻል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ጭነት ይዞ መጣ። ዛሬ ግን «ፈርሚልኝ» አላለም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ በእጁ አዲስ፣ ተጋጥሞ የታሰረ ቀርከሃ ይዟል።

«በእግሬ ሄጄ ለክቼዋለሁ፣ ያልፋል» አላት።

ሜትሬ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና የራሷን ቀርከሃ አነሳች።

«ጎበዝ የኔ ወንድም። በል ና፣ አብረን እንድገመው።»