የአንድ ሳል ያህል ዝምታ

እኔ ዕቃ መጣል አይሆንልኝም። ሚስቴ በዚህ ነገር ስትነታረከኝ ነው የምትውለው። ላሊበላ ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ የሳንባ ቲቢ የተገኘባቸውን ሰዎች አክታ ቀብቼ ያየሁባቸውን ትንንሽ መስተዋቶች፣ ስላይድ የምንላቸውን፣ በእንጨት ሳጥን ደርድሬ አስቀምጣለሁ። አለቃዬ «ይኼን ጉድ መቼ ነው የምትጥለው?» ሲለኝ፣ «ምን አስጨነቀህ፣ እንጀራ አይበላብህም!» እለዋለሁ።

ታዲያ ከትልቁ ከተማ ላቦራቶሪ አንድ ባለሙያ ደውሎ አሮጌ ስላይድ እንዳለን የጠየቀኝ ቀን ደረቴን ነፋሁ። ከደረቀ አክታ ላይ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አውጥቶ የቱ ከየቱ ጋር ዘመድ እንደሆነ መለየት እንደሚቻል አስረዳኝ። «ማቀዝቀዣ ለሌለው፣ መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ጥሩ ዘዴ ነው» አለ። እኔም በዚያች ሰዓት መብራት ሄዶብኝ በማይክሮስኮፑ በመስኮት ብርሃን እያየሁ ስለነበር፣ የሚለው ነገር በደንብ ገባኝ። ሳጥኑን አሽጌ ላክሁለት።

ከውስጡ አንዱ የየኔታ ነበር። የኔታ በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት በበቅሎ አምጥተዋቸው አክታቸውን ያየሁት እኔው ነኝ። የቲቢው ባክቴሪያ ቀያይ ዘንጎች መስተዋቱን ሞልተውታል። መድኃኒቱን ጥቂት ቀን ውጠው «በቃኝ፣ እሱ ያውቃል» አሉና ተዉት፤ ክረምቱንም አላለፉም። ቲቢ ነበረባቸው ብሎ የተናገረ ግን አንድም ሰው የለም። በየኔታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማን ደፍሮ ያወራል? «ብርድ መታቸው» ተብሎ ተለቀሰላቸው። እኔም አፌን ዘግቼ አብሬ አለቀስኩ።

ውጤቱ የመጣው ነገሩን ጨርሶ ከረሳሁት በኋላ ነው። ያው ባለሙያ ደወለ። «አምስቱ ስላይዶች የአንድ ዘር ናቸው፤ ሌላ ቦታ ያላየነው ዓይነት። አንድ ቤት የኖሩ ሰዎች ናቸው እንዴ?» አለኝ። መዝገቡን አውጥቼ ቁጥሮቹን አመሳከርኩ። የመጀመሪያው የየኔታ ነው። ሦስቱ በየደብሩ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የየኔታ ተማሪ ነበሩ፣ መድኃኒት ጨርሰው ድነዋል። አምስተኛው ግን ባለፈው ዓመት እናቱ አዝላ ያመጣችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ዘግይታ ነበርና በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ይህ ልጅ የተወለደው የኔታ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ወይ ጉድ! ያላያቸው ሰው ትንፋሽ በምን በኩል ደረቱ ውስጥ ገባ? ስልኩን ዘግቼ መዝገቡን ደግሜ ሳየው መልሱ አንድ ብቻ መሆኑ ገባኝ። ሦስቱ ከዳኑ ዓመታት አልፈዋል፤ በመሀል ሌላ አንድ ሰው አለ፤ አሁንም የሚተነፍስ። እሱን ካላገኘሁት ሌላ ልጅ ይሞታል።

መዝገቡ ስለ ልጁ የሚለው «የቆሎ ተማሪ» ብሎ ቀበሌውን ብቻ ነው፤ ከብልባላ አልፎ የእግር መንገድ ነው። ቅዳሜ ገበያተኛውንና አህያውን እየተጋፋሁ ሄድኩ። ዳገቱን ስጨርስ ጉም ወረደና መንገዱን ዋጠው። ቆሜ የሰው ድምፅ ሳዳምጥ ልጆች ዜማ ሲያጠኑ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ስለ የኔታ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከብርዱ የተነሳ የጎጆውን በር ዘግተን፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ ከአፋቸው ሥር ሆነን ነበር የምንማረው። የኔታ አንዱ ዜማ መሀል ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቋርጡና ፊታቸውን አዙረው ይስላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። እኛ ልጆች ነን፣ ምን እናውቃለን! መቋረጡ የዜማው ሕግ መሰለን። ሳሉን ትተን ዝምታውን አጠናነው። ከሌላ መምህር የተማረ ሰው እዚያ ቦታ ላይ አያቋርጥም።

በጉሙ ውስጥ የማይታዩት ልጆች ያንን ዜማ ጀመሩ። መሀሉ ላይ ደረሱና ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። አንድ ሰው ስሎ እስኪጨርስ ድረስ ዝም አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ከጎጆው የወጣው መምህራቸው የልጅነት ጓደኛዬ ነበር። አንድ ቁርበት ላይ ተኝተን፣ ለምነን ያገኘነውን ቁራሽ ተካፍለን ነው ያደግነው። አሁን ቄስ ሆኗል፤ ሰውነቱ ግን አልቋል፣ ነጠላው እንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስላል። «አንተ! እስካሁን አለህ?» ብሎ ሊስመኝ ሲል አቋረጠና ፊቱን አዙሮ ሳለ። ልክ እንደ የኔታ።

ልጆቹ ስላሉ አክብሬ «መምሬ፣ እዚህ ዕቃ ውስጥ አክታ ይስጡኝ» አልኩት። ለምን ሲለኝ ራቅ አደረግሁትና የስላይዶቹን ነገር ከነዘሩ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«የኔታ ልጅ ገደሉ ልትል ነው?»

«እንደዚያ አልወጣኝም!»

«በሽታው ከሳቸው ከመጣ ሌላ ምን ይባላል? ያሳደጉህን ሰው ከመቃብር አውጥተህ ነፍሰ ገዳይ ልታደርግ ነው የመጣኸው?»

እኔ ደግሞ ቶሎ ይነደኛል። እርስዎ ማለቱን ረሳሁት። «አንተ ደረቅ! የኔታ አንዴ ሞተዋል፣ ምንም አይሆኑም። ጎጆህ ውስጥ ያሉት ልጆች ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«አምና ስንት ነበሩ?»

ዕቃውን ከእጄ ወስዶ ወደ ጎጆው ጀርባ ሄደ።

እሱው ነበር። ከልጆቹም ሁለቱን በሽታው ይዟቸዋል፤ ለነሱም ለሱም መድኃኒት ተጀመረ፣ ለቀሩትም መከላከያው ተሰጣቸው። የእሱን ስላይድ ላክሁት፤ ስድስተኛ ሆኖ ከነየኔታ ጋር አንድ ዘር መሆኑ ተረጋገጠ። የውጤቱን ወረቀት ይዤ የሄድኩ ቀን ስለ ሕመሙ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «ያ የሞተው ልጅ ከእኔ ነው የወሰደው?» አለኝ ብቻ።

ምላሴን የማልገታው ሰውዬ ያን ቀን ገታሁት። «ወረቀቱ ዘመድነቱን ነው የሚያሳየው፤ ማን ለማን እንደሰጠ አይናገርም» አልኩት። ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን እየዋሸሁት ነበር። ልጁ ተማሪ ቤት ከገባ ጀምሮ እሱ አጠገብ ነበር የሚተኛው። ሲታመምም አቅፎ ያስታመመው እሱ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝና ገባ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የልጁ እናት ላቦራቶሪ ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መግባት ፈራች።

«ወንድሜ፣ መምሬ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ መጡ» አለችኝ። «ቄስ! ለእኔ ለምስኪኗ! ‹ይቅር በይኝ› ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። ‹ኧረ ምን አድርገውኝ?› ብላቸው አፋቸው አልከፈት አለ። ሰው እያየ ምን ላድርግ፣ ይቅር ብያለሁ አልኩ። ምኑን ነው ይቅር ያልኩት?»

ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ደረቷን ትመታለች ብዬ ስጠብቅ ማይክሮስኮፑን ትኩር ብላ ታያለች።

«በልጄ ደረት የነበረውና በሳቸው ደረት ያለው አንድ ነው?»

«አንድ ዘር ነው።»

«አሁንም በሕይወት አለ?»

«መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከዋጡ ይሞታል።»

«ቢያቋርጡስ?»

«ይኖራል» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «ልጄን የበላው እየኖረማ እኔ አልተኛም» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ዳገቱን ወጥታ የጓደኛዬ ደጅ ላይ ትቆማለች። ኪኒኑን በእጇ ሰጥታ፣ ውሃውን አቀብላ፣ «አፍዎን ይክፈቱ» ትለዋለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። አንድ ቀን መድኃኒት ላደርስ ሄጄ አየኋቸው። ኪኒኑ ከወረደ ቆይቷል፤ እሷ ግን ጉሮሮውን ቁልቁል እያየች አልሄድ አለች። እሱም አፉን አልዘጋም።