ሐኪሟና የማርያም ኩሬ

ልጆቼ፣ የዚያች የኩባ ሐኪም ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። በደርግ ጊዜ ከባሏ ጋር መጥታ ላሊበላ ጎረቤቴ ነበረች። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ለእረፍት ደሴታችን ገብተን፣ የታሸገ አየር አዝዬ ባሕር ሥር ልወርድ ነው» አለችኝ።

ባል ያላት ሴት እስከዚያ ሄዳ ውኃ የምትገባው ልጅ ብታጣ ነው አልሁ በሆዴ፤ አንጀቴን በላችው። «ምን ያደክምሻል ልጄ! እዚሁ ቤተ ማርያም ኩሬ አለልሽ» አልኋት።

«ለልምምድ ይሆነኛል» ብላ ሳቀች። በገና ዕለት ልጅ ከሚለምኑት ሴቶች ጋር በገመድ ታስራ ተነከረች።

የእረፍቷ ወር ሲደርስ እያለቀሰች መጣች። «ምነው፣ ምን አገኘሽ?» ብላት፣ «አርግዣለሁ፤ እርጉዝ ደግሞ ባሕር ሥር አትወርድም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነበር እማማ!» አለችኝ።

እልል ልል የከፈትሁት አፌ እዚያው ቀረ።