መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ

ዛሬ ቡሬ ገበያ አንድ ደንበኛዬ እኔ በሠራሁለት ሰንጢ የሚስቱን ወንድም ሆዱ ላይ ሊወጋው ሰነዘረ። ጫፉ የሰውዬውን ቀበቶ ሲመታ ስለቱ ወደ እጀታው ታጠፈና የደንበኛዬን ሦስት ጣቶች እስከ አጥንት ቆረጠ።

ጠባቸው የእርሻ ድንበር ነው።

“አያ፣ ጉድ ሠሩኝ! ስለቱ እንዳይታጠፍ የሚይዝ መቆለፊያ ይግጠሙልኝ ብዬ ለምኜዎት ነበር!” ብሎ ጮኸብኝ።

“ሸንኮራ ለመላጥ ነው ብለህ አሠርተኸኝ መቆለፊያ ምን ያደርግልሃል? ገጥሜልህ ቢሆን ኖሮ አሁን ነፍሰ ገዳይ ነበርክ” አልኩት።

በጋቢዬ ጫፍ እጁን አሰርኩለት። ሰንጢውን ግን ድንጋይ ላይ አጋድሜ በመዶሻ ሰባበርኩት።

የገበያው ሰዎች ማንም ስላላስተማረው መቆለፊያ መሥራት አያውቅም እያሉ ያሙኛል። መሥራቱን አውቃለሁ፤ ግን አልሠራም።

እናንተስ፣ ደንበኛ እየሰደባችሁ እምቢ ያላችሁት ሥራ አለ? እስቲ ንገሩኝ።