ግጥም የተነበበለት ጨጓራ

ውብነሽ አሌክሳንድሪያ ካለው ሆቴል ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስካይፕ ከፈተች። ለአንድ ሴሚስተር ስኮትላንድ የሄደችው ልጇ ኤፍራታ ስለተጋበዘችበት እራት ታወራለች። ልብና ጉበት ተከትፎ የተሞላ የበግ ጨጓራ በሳህን ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ቀሚስ የለበሰ ሰውዬም ግጥም አነበበለት።

«ለጨጓራው?»

«ትራዲሽን ነው፣ ማሚ።»

«አንቺስ በላሽ?»

«ሁለቴ አስጨመርኩ።»

ውብነሽ ግራ ገባት። ይህቺ ልጅ እኮ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዱለት ሲሸታት አፍንጫዋን ይዛ ክፍሏን የምትዘጋ ናት። እናቷ ያላደረገችላት ምን ነበር? ኮምፒውተሩን ዘጋችና ሶፋው ላይ ወደተጋደመው ባሏ ወደ ገብረየስ ዞረች።

«ለፋሲካ ዱለቱን ይዤ ስመጣ ተነሥተህ ቁም» አለችው፤ «ግጥም የሚችል ሰውም ካሁኑ ፈልግልኝ።»