የአዴ ዘይነባን መኪና ያሳመርኩ ቀን

እኔ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባጃጅ አስጌጣለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን እጄ የነካው ባጃጅ ሲያልፍ ግመል እንኳ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን የመጋላ ሰፈሯ አዴ ዘይነባ በሻሽ ጠቅልለው አንዲት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መኪና አመጡልኝ። ሟች ልጃቸው ቁርጥራጩን በሙጫ ገጣጥሞ የሠራት ናት፤ ሞተሯ በውጭ የሚታይ፣ የኋላ ጎማዋ የፈረጠመ የድሮ መኪና።

«ጎማዋ ወልቋል፤ እሱን ብቻ ለጥፍልኝ አቦ» አሉኝ።

ጎማ ብቻ ለጥፎ መመለስ ለእኔ ስድብ ነው። ምናለ ያን ቀን እጄን ቁርጥማት በያዘው! ቀለም የሚይዘው ሲሞረድ ነውና ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳት። ቀይ ቀባኋት፣ ጎኗ ላይ እሳት ሳልኩባት፣ ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት የፊት መከላከያ ሠራሁላት። ዝንብ ብታርፍባት ተንሸራታ እግሯ ይሰበር ነበር።

አዴ ሲመጡ ምርቃት ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጣሪያዋን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱ።

«እዚህ ጋ የጣት ምልክት ነበር» አሉ።

«እሱማ ሙጫ የነካ እጅ ያበላሸው ነው፣ አዴ። ድራሹን አጠፋሁልዎ» አልኳቸው በኩራት።

«ልጄን ሳናግረው ጣቴን እዚያ ላይ ነበር የማደርገው» አሉኝ።