አባባ ጌሜን የወሰዱብኝ ቀን

ትናንት ከአባቴና ከልጄ ጋር በሚኒባስ ስንጓዝ፣ ልጄ ጌም የሚጫወትበት ስልክ ጢው ጢው ሲል አያቴ፣ አባባ፣ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሆኜ ከአባባና ከአባቴ ጋር ከጂንካ ወደ አርቦሬ እየሄድን ነበር። በባትሪ የሚሠራውን ጌሜን ስጫወት አባባ ቀስ ብለው ወሰዱና ኪሳቸው ከተቱት።

«እስክንደርስ የለም። ይልቅ የሚታይሽን ንገሪኝ።»

መስኮቱ ጋ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ግራ ገባኝ። ቢሆንም ነገርኳቸው። የቀይ አፈርን ከተማ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ አቧራው አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ፣ ፍየሎቹን፣ የደረቀውን ወንዝ፣ ማሽላውን ነገርኳቸው።

«ማሽላው አፍርቷል?»

«አፍርቷል።»

«ተመስገን። ዛሬ ዓይኔ አንቺ ነሽ።»

የሚያቆላምጡኝ መሰለኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ አልነበረም።

አርቦሬ ስንደርስ እህታቸው ፊት ለፊታቸው ቆመው ሳሉ አባባ ሰላም አላሏቸውም። «ወንድሜ!» የሚለውን ድምፅ ሲሰሙ ነው እጃቸውን ዘርግተው የእህታቸውን ፊት የዳሰሱት። አባቴ ደንግጦ ቀረ። ለካ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ለማንም አልተናገሩም።

ትናንት ሚኒባሱ ውስጥ የልጄን ስልክ ልቀበል እጄን ዘርግቼ አባቴን ጠየቅኩት፦

«ያኔ ጌሜን የወሰዱብኝ ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለራሳቸው?»

«እኔም አላውቅም» አለኝ።

ልጄ ቀና ብሎ «ምን ልስጥሽ?» አለ። «የሚታይህን ንገረኝ» አልኩትና እጄን ሰበሰብኩ።