ግራዬ እስኪበቅል

ፀጉሬ የበቀለው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ንቅለ ተከላ ካሠራሁ ወራት አልፈዋል። ከማጅራቴ ነቅለው ግንባሬ ላይ የተከሉልኝ ፀጉር በቀኝ በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፤ በግራ በኩል ግን እዚህም እዚያም የፈሩ የሚመስሉ ጭረቶች ብቅ ብለው ቀሩ። ለሐኪሙ ደወልኩለት። "ሁለቱ ጎኖች እኩል አያድጉም፤ ዓመት እስኪሞላው ታገሥ" አለኝ። እሱ ምን አለበት! ፍቅር የያዘው እኔን ነው።

የወደድኳት ሴት እዚሁ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። መጀመሪያ የሄድኩት የቢሮ ወረቀት ላባዛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ ያልተባዛ ወረቀት አልቀረም። መታወቂያዬ ብቻ ለአንድ ሠፈር ሕዝብ ይበቃል። በመጨረሻ እሷው "ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?" ብላ ስትስቅብኝ፣ ሐይቅ ዳር እንድንሄድ ጠየቅኳት፤ እሺ አለች።

በማግስቱ ወደ ፀጉር አስተካካዬ ሮጥኩ። የልጅነት ጓደኛዬ ስለሆነ አይራራልኝም። ራሴን ወዲያና ወዲህ አዟዙሮ አየና፣ "ቀኝህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚህ ገብቷል፤ ግራህ ገና መንገድ ላይ፣ ሻሸመኔ ነው" አለኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ኮፍያ አድርግበት በቃ" አለኝ።

"ያን ሁሉ መርፌ ችዬ ያበቀልኩትን ቀኜን ታዲያ ማን ይይልኝ?"

ስለዚህ ዘዴ ዘየድኩ፤ እሷ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ትሁን። ስንሄድ በቀኜ፣ ስንቀመጥ በቀኜ። ባጃጅ ስንሳፈር ቀድሜ ዘልዬ እገባና ግራውን ጥግ እይዛለሁ። "ሴት ማስቀደም የለም እንዴ!" ብሎ የተቆጣኝ ባለባጃጅም ነበር። ግራዬን እንድታይብኝ ከማደርግ ባለጌ መባሉን መረጥኩ።

ችግሩ፣ እሷ ደግሞ በግራዬ በኩል መሆን ትወዳለች። ሐይቁ ዳር እየሄድን፣ "በዚህ በኩል ልሁን፣ ፀሐዩ መታኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ "ነፋሱ ይመታሻል፣ በዚህ ይሻልሻል" ብዬ እዞራታለሁ። ጥቂት ሄዳ ጫማዋን የምታስተካክል መስላ ወደ ኋላ ትቀርና በግራዬ ብቅ! ዞረን ስንመለስ ደግሞ ቦታችን ይገለበጣል፤ እንደገና ግብግብ። ያየን ሰው እስክስታ የምንለማመድ ሳይመስለው አይቀርም። እኔ ግን በልቤ፣ "ጠርጥራለች፤ በደንብ ልታየው ነው" እያልኩ እሸበር ነበር።

ጨዋታዋም ግራ ያጋባል። ስለ አለቃዬ ክፋት ስነግራት "ደስ ይላል" ትለኛለች። ተረበኛ ናት እያልኩ ይበልጥ ወደድኳት።

አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንበላ ሄድን። አግዳሚው ላይ በቀኜ አስቀመጥኳት። ዓሣ አጥማጆቹ ይጯጯሃሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ለዓሣ አንጀት ይጣላሉ፣ እሷ ሐይቁን እያየች ትበላለች። እኔ መብላት አቃተኝ። ዓይኔን ሳህኑ ላይ ተክዬ፣ በቀስታ፣ "ላገባሽ እፈልጋለሁ። ቤተሰቦችሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?" አልኳት።

ሐይቁን እያየች መብላቷን ቀጠለች። ከዚያ ወደ ሳህኔ ዞር ብላ፣ "አጥንት አለው፣ ቀስ ብለህ ብላ" አለችኝ።

አለቀልኝ። እምቢ ማለት ከብዷት በዓሣ አሳበበች አልኩ። ቤቴ ገብቼ መስተዋት ፊት ቆምኩና ግራዬን ሰደብኩት። "ያንተ ሥራ ነው! ወንድምህ ሲበቅል አንተ ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቋ ዝር አላልኩም። በጣም ናፈቀችኝ።

እሷው ደወለች። "ምን አድርጌህ ነው የጠፋኸው?" አለች፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል። ስልኩን ዘግቼ በባጃጅ ከነፍኩ።

ማሽኑን አጥፍታ ትጠብቀኛለች። "መልስ ስላልሰጠሽኝ ነው" አልኳት።

"የምን መልስ?"

"አሞራ ገደል ለጠየቅኩሽ!"

ትንሽ አሰበችና፣ "በየት በኩል ነበር የተቀመጥከው?" አለች።

"በግራሽ።"

የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቀችና ዓይኗ እንባ ሞላ። "ግራ ጆሮዬ እኮ አይሰማም! ልጅ ሆኜ ታምሜ ነው። እንዳትሸሸኝ ብዬ ደበቅኩህ። ከንፈርህን እያየሁ ነው የማወራህ፤ ሲያመልጠኝ 'ደስ ይላል' እላለሁ። አንተ ደግሞ ስጎትትህ ስጎትትህ እዚያው ግራዬ ላይ ሙጭጭ! ምን አለህ እዚያ?"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኔም በተራዬ ስለ ግራዬ ተናዘዝኩ። "እስቲ" ብላ ተነሣችና ፀጉሬን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው።

"ይቺ ናት? እኔ እኮ ወፍ እየነጨህ ነው የመሰለኝ" አለች።

ሁለታችንም ዴስኩን ተደግፈን ሳቅን። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ "አሁን ድገመው፤ በዚህ በኩል ና" ብላ ቀኟን አሳየችኝ። በቀኟ ስቆም ያ ምስኪን ግራዬ ልክ ዓይኗ ሥር ሆነ። ልሸፍነው እጄን ሳነሣ ያዘችኝና ጆሮዋን አስጠጋችልኝ። እንዳያመልጣት ብዬ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ ጮኼ ደገምኩላት።

"አትጩህ፣ ይሄኛው ይሰማል" አለች፣ እጄን ሳትለቅ። "ላካቸው ሽማግሌዎቹን።"